ያልታመሙት ምስክሮች

በጊቤ ሸለቆም ሆነ በኦሞ ዳርቻ ከብት ያረባ ሰው ገንዲን አሳምሮ ያውቀዋል። በሬው ሳር ሞልቶለት ይከሳል፤ ፀጉሩ ይቆማል፤ ቀንበር መሸከም ያቅተዋል፤ አንድ ማለዳም ከተኛበት ሳይነሳ ይቀራል። ይህን ያመጣችው የቆላ ዝንብ፣ ጸጸ የምትባለው፣ ከበሬው ጀርባ ተነስታ እረኛውንም ትነክሳለች። እረኛው ክንዱን አክኮ መንገዱን ይቀጥላል። ዝንቧ አንድ ናት፤ በምራቋ የምታስገባው ተሐዋሲም ያው ትሪፓኖሶም ነው። የተለየው ደሙ ነው።

ሰው ለምን አይታመምም? ጥያቄው ከተነሳ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። መልሱን ሲከታተሉ የኖሩት ተመራማሪዎች መጨረሻ ላይ የደረሱት ማንም ወዳልጠበቀው ቦታ፣ ወደ ኩላሊት ነው። በዚህ ረጅም ጉዞ መካከል ኢትዮጵያውያን አሉበት። የሚነሱት ግን በመታመማቸው ሳይሆን ባለመታመማቸው ነው፤ ይህን ታሪክ ለመጻፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

በ1902 በፓሪሱ የፓስተር ተቋም ይሠሩ የነበሩት አልፎንስ ላቬራን እና ፌሊክስ ሜስኒል ትሪፓኖሶም የያዛቸውን አይጦች በሰው ሴረም ወጉ። ሴረም ደም ረግቶ ህዋሳቱ ሲለዩ ከላይ የሚቀረው ቢጫ ውሃ ነው። ተሐዋሲው ከአይጦቹ ደም ጠፋ። ላቬራን የወባን ተሐዋሲ በ1880 አልጄሪያ ውስጥ ያየ ሰው ነበርና የነገሩ ክብደት አልተሰወረውም። ነገር ግን ገዳዩ ምን እንደሆነ ለይቶ ለማውጣት የዘመኑ መሣሪያ አልበቃም። ሰባ ስድስት ዓመት አለፈ። በ1978 ሜሪ ሪፍኪን የተባሉ ተመራማሪ የመግደል ኃይሉ ያለው ኤች ዲ ኤል በተባለው የስብ ተሸካሚ ቅንጣት ውስጥ መሆኑን አሳዩ፤ ዛሬ ሐኪሞች «ጥሩው ኮሌስትሮል» የሚሉት ማለት ነው። ቅንጣቱ ግን ብዙ ፕሮቲኖችን የተሸከመ ነው። ከመካከላቸው ነፍሰ ገዳዩ የትኛው ነው?

መልሱ የተገኘው በብራስልስ ነፃ ዩኒቨርሲቲ፣ ኤቲየን ፔይስ ይመሩት ከነበረው ቡድን ነው። ቡድኑ ነገሩን ከጀርባው ጀመረ። የሰው ደም የማይገድለው አንድ የትሪፓኖሶም ዘር አለ፤ ሮዴዚየንሴ ይባላል፤ በምሥራቅ አፍሪካ የእንቅልፍ በሽታን የሚያመጣው እሱ ነው። እኛም አገር በ1967 ጋምቤላ ውስጥ ታይቶ ብዙ ሰው ጨርሷል። ይህ ዘር በምን ተረፈ? ኤስ አር ኤ የሚባል መከላከያ ፕሮቲን አለው። የብራስልሶቹ ሰዎች ይህን መከላከያ ወስደው ከሰው ሴረም ጋር አገናኙትና የሚይዘውን ነገር ጠበቁ፤ ጋሻው የሚመክተው ጦሩን ነውና። በ2003 ያዙት። ጦሩ አፖ ኤል 1 የተባለ ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ።

አሠራሩ ያስደንቃል። ተሐዋሲው ኤች ዲ ኤልን የሚውጠው ስቡን ፈልጎ፣ ለምግብነት ነው። የዋጠው ቅንጣት ላይሶሶም ወደሚባለው ከረጢቱ፣ እንደ ሆድ ወደሚያገለግለው፣ ይገባል። እዚያ ያለው አሲድ አፖ ኤል 1ን ይቀሰቅሰዋል፤ ፕሮቲኑም ከከረጢቱ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ቀዳዳ ይከፍታል። በቀዳዳው ጨው ይገባል፣ ጨውን ተከትሎ ውሃ ይገባል፣ ከረጢቱ ያብጣል፤ ተሐዋሲው ይሞታል። ቀዳዳ የሚከፍት ፕሮቲን መሆኑን አንባቢ ያስታውስልኝ፤ ኋላ የሚመጣው መልካሙም ክፉውም ነገር ከዚህ ነው።

አሁን ባሕር እንሻገር። በ1984 በኒው ዮርክ ብሩክሊን ያሉ ሐኪሞች ኤድስ ከያዛቸው ሕሙማን ጥቂቶቹ ኩላሊታቸው በወራት ውስጥ ሲከስም አዩ። ታማሚዎቹ ባብዛኛው ጥቁር አሜሪካውያንና ሄይቲያውያን ነበሩ። ይህ በቫይረሱ ብቻ የሚገለጽ አልነበረም፤ ምክንያቱም ጥቁር አሜሪካውያን ቫይረሱ ሳይኖርባቸውም ከነጮቹ ከሦስት እስከ አራት እጥፍ በሚሆን መጠን ኩላሊታቸው ይደክም ነበር። የተለመደው መልስ የደም ግፊት፣ ድህነትና ሕክምና አለመከታተል የሚል ነው። ድህነቱም መድልዎውም እውነት ናቸው፤ ማንም አይክዳቸውም። ነገር ግን 1,094 ጥቁር አሜሪካውያንን ያሳተፈና ውጤቱ በ2002 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት የደም ግፊትን ከተለመደው በታች ጠበቅ አድርጎ ማውረድ የኩላሊቱን መድከም የበለጠ እንደማያዘገየው አሳየ። ግፊቱ መንስኤው ሳይሆን ምናልባት ራሱ የኩላሊቱ በሽታ ውጤት ይሆን? በሰሜን ካሮላይና ዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት የኩላሊት ሐኪም ባሪ ፍሪድማን ደግሞ እጥበት ላይ ያሉ ሕሙማናቸውን ስለ ቤተሰብ ሲጠይቁ እናትም፣ ወንድምም፣ አክስትም እጥበት ላይ ሆነው ያገኟቸው ነበር። ድህነት በአንድ ሰፈር ይሰፍራል እንጂ እንዲህ በአንድ ደም መስመር ተለይቶ አይወርድም።

በ2008 ሁለት ቡድኖች ዘረመሉን ያገኙ መሰላቸው። የጥቁር አሜሪካውያን ዘር ምዕራብ አፍሪካና አውሮፓ የተቀላቀለበት ነው፤ ተመራማሪዎቹ የታመሙት ሰዎች ከሌላው ሰውነታቸው በተለየ የአፍሪካ ድርሻ የሚበዛበትን የክሮሞዞም ቁራጭ ፈለጉ። 22ኛው ክሮሞዞም ላይ አገኙት። በዚያ ቁራጭ ላይ ለኩላሊት ጠቃሚ ሆኖ የሚታወቀው ኤም ዋይ ኤች 9 የተባለው ዘረመል ነበርና ጥፋቱ እሱ ላይ ተለጠፈ። ሆኖም ፕሮቲኑን የሚያበላሽ ለውጥ በውስጡ ቢፈለግ ቢፈለግ አልተገኘም። ተጠርጣሪው ታስሯል፤ ማስረጃው ግን የለም።

ነገሩን የፈታው እስራኤል፣ ሃይፋ ውስጥ የተጠራቀመ ሌላ ማስረጃ ነው። በራምባም ሆስፒታልና በቴክኒዮን ተቋም ይሠሩ የነበሩት የኩላሊት ሐኪም ካርል ስኮሬኪ እና ባልደረባቸው ዶሮን ቤሃር አንድ ነገር አስተውለው ነበር። እስራኤል ውስጥ ከኢትዮጵያ የመጡ፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሰዎች ሕክምና ይከታተላሉ። በአሜሪካ የተጻፈው እውነት ከሆነ ከእነዚህ ጥቁር አፍሪካውያን መካከል ያ ፈጣን የኩላሊት በሽታ መታየት ነበረበት። ፈለጉት። አንድም አላገኙም። በ2006 ያሳተሙት ጽሑፍ ርእሱም ይህንኑ ይናገራል፤ በኢትዮጵያውያን ላይ ይህ በሽታ የለም ይላል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። አንድ ሐኪም በሽታ ሲያይ ይጽፋል፤ በሽታ ሲያጣ ግን ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ ያልፋል። ያልመጣን ነገር ቆጥሮ «ለምን አልመጣም?» ብሎ መጠየቅ የተለየ ጆሮ ይጠይቃል። ደግሞም የማን ደም እንደነበር እናስታውስ። በዚያው አገር በ1996 የቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን የለገሱት ደም ኤች አይ ቪ ይኖርበታል በሚል ሥጋት በምስጢር ሲደፋ መኖሩ በጋዜጣ ወጣ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ላይ ለተቃውሞ ወጡ። ሊረዳ የተሰጠ ደም ሳይነገር መደፋቱ የማይሽር ቁስል ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ የዚሁ ማኅበረሰብ ሰዎች ደም በሕክምና ሳይንስ ትልቅ ቦታ የያዘ እንቆቅልሽ የተፈታበት ደም ሆነ። በየመማሪያ መጽሐፉ ሊጻፍ የሚገባው ነገር ነው እላለሁ።

ከ2008ቱ ግኝት በኋላ የሃይፋ ቡድን ያንን የ2006 ውጤት መልሶ አነሳው። ኤም ዋይ ኤች 9 ጥፋተኛ ከሆነ፣ አደገኛ የተባለው ዓይነቱ በኢትዮጵያውያን ላይ መጥፋት ነበረበት። አልጠፋም፤ ብዙዎቹ ተሸክመውታል። ተጠርጣሪው ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሏል፣ ቤቱ ግን አልተዘረፈም። እንግዲያውስ ሌባው ሌላ ነው፤ ምናልባትም ጎረቤቱ። በክሮሞዞሙ ላይ የኤም ዋይ ኤች 9 የቅርብ ጎረቤት ማን ነው? አፖ ኤል 1።

በዚያው ጊዜ ቦስተን፣ ቤት እስራኤል ዲከነስ ሕክምና ማዕከል ውስጥ፣ ማርቲን ፖላክ፣ ዴቪድ ፍሪድማንና ጁሊዮ ጄኖቬሴ በሌላ መንገድ ወደዚያው ጎረቤት እየተጠጉ ነበር። የ1000 ጂኖም ፕሮጀክት ከናይጄሪያ ዮሩባዎች ያነበበውን የዘረመል መዝገብ ሲመለከቱ ያ የክሮሞዞም ክፍል በቅርብ ሺህ ዓመታት ውስጥ በተፈጥሮ ተመርጦ የተስፋፋ መሆኑን አዩ። አንድ ጎጂ ነገር እንዲህ ከተስፋፋ የሚከፍለው ውለታ መኖር አለበት። በ2010 ሁለቱ ቡድኖች፣ የሃይፋውም የቦስተኑም፣ በየፊናቸው አንድ ውጤት አሳተሙ። አፖ ኤል 1 ሁለት የተለወጡ ዓይነቶች አሉት፤ ጂ 1 እና ጂ 2 ተባሉ። ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ፣ በድምሩ ሁለት የተለወጠ ቅጂ የወረሰ ሰው በነዚህ የኩላሊት በሽታዎች የመያዝ ዕድሉ ብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ኋላ በአሜሪካ የተሠራ ጥናት ከኤች አይ ቪ ጋር ለሚመጣው በሽታ ወደ 29 እጥፍ አድርሶታል። የሃይፋው ቡድን ከአራት የኢትዮጵያ ሕዝቦች ከ300 በላይ ሰዎችን መርምሮ ነበር። ጂ 1ም ጂ 2ም አልተገኘባቸውም። የ2006ቱ ዝምታ ተተረጎመ።

ውለታውስ? የቦስተኖቹ ተመራማሪዎች የብራስልሱን ፔይስን አብረው አሰልፈው ነበር፤ የኩላሊት ሐኪምና የተሐዋሲ ሊቅ በአንድ ወረቀት ላይ ስማቸው የሰፈረው ለዚህ ነው። የተለወጠው ፕሮቲን፣ በተለይ ጂ 2፣ የሮዴዚየንሴ ጋሻ እንዳይዘው ሆኖ ቅርጹን ቀይሯል። ጦሩ ጋሻውን አለፈው፤ የእንቅልፍ በሽታው ተሐዋሲ ሞተ። ለዚህ ጥቅም አንድ ቅጂ ይበቃል፤ ለኩላሊቱ ጉዳት ግን ሁለት ቅጂ ይፈልጋል። አንድ ቅጂ ከወባ የሚያድነው፣ ሁለት ቅጂ ግን ለከባድ የደም በሽታ የሚዳርገው የማጭድ ቅርጽ ህዋስ ነገርም እንደዚሁ ነው። በምዕራብ አፍሪካ ጫካ ውስጥ ልጆቹን ከዝንብ እንዳዳነ የሚገመት ውርስ በባሪያ መርከብ ተጭኖ ዝንቧ ወደሌለችበት አገር ተሻገረ፤ እዚያ ጥቅሙ ቀርቶ ዕዳው ብቻ ተከፈለ። ከጥቁር አሜሪካውያን ወደ 13 በመቶ የሚሆኑት ሁለቱንም ቅጂ ይዘዋል።

ይህ ፕሮቲን ኩላሊትን የሚጎዳው በደም ውስጥ እየዞረ አይደለም። በደም ያለው በብዛት ከጉበት ይመጣል፤ ኩላሊቱን የሚያጠፋው ግን የኩላሊቱ ማጣሪያ ህዋሳት፣ ፖዶሳይት የሚባሉት፣ ራሳቸው የሚሠሩት ነው። ይህ የታወቀው ከንቅለ ተከላ ነው። ሁለት የተለወጠ ቅጂ ካለው ለጋሽ የተወሰደ ኩላሊት የተቀባዩ ዘር ምንም ይሁን ምን ቶሎ ይደክማል፤ ጥፋቱ ከኩላሊቱ ጋር ይሄዳል። በፖዶሳይቱ ውስጥ ፕሮቲኑ የሚሠራው ያንኑ የጥንት ሥራውን ነው፤ ቀዳዳ ይከፍታል። ቫይረስ ሰውነትን ሲያጠቃ የሚወጣው ኢንተርፌሮን ደግሞ የአፖ ኤል 1ን ምርት ያንራል። ኤች አይ ቪ ለምን ክብሪት እንደሆነ ከዚህ ይገባናል። በ2020 ኮቪድ የያዛቸው አንዳንድ ሰዎች ኩላሊታቸው በዚያው መልክ ሲወድቅም ባለ ሁለት ቅጂ ሆነው ተገኝተዋል።

ታዲያ ቀዳዳውን መድፈን ይቻላል ወይ? መድኃኒት ሠሪ በመጀመሪያ የሚፈራው አንድ ነገር አለ። የሚደፍነው ሞለኪዩል ለሌላ፣ ለማይታወቅ ሥራ አስፈላጊ ቢሆንስ? በአይጥ መሞከር አይቻልም፤ አይጥ አፖ ኤል 1 የላትም፤ ከሰው ሌላ ያላቸው እንደ ጎሪላና ዝንጀሮ ያሉ ጥቂት እንስሳት ብቻ ናቸው። መልሱ ከሕንድ ገጠር መጣ። በ2004 በማሃራሽትራ ግዛት አንድ ከብት አርቢ ግመልንና ፈረስን እንጂ ሰውን በማይነካ የትሪፓኖሶም ዘር ታመመ። ሐኪሞቹ ግራ ገባቸው። የብራስልሱ ቡድን ደሙን ሲመረምር በሁለቱም የዘረመል ቅጂዎቹ ላይ ስብራት ነበር፤ ሰውየው በደሙ ውስጥ አፖ ኤል 1 ጨርሶ የለውም። ያም ሆኖ እስከዚያ ዕድሜው ጤነኛ ገበሬ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ሲመረመርም ኩላሊቱ ደህና ነው። ከበሽታውም ሱራሚን በተባለ መድኃኒት ታክሞ ዳነ። ይህ አንድ ገበሬ ለመድኃኒት ሠሪዎች የነገራቸው ከብዙ ሚሊዮን ዶላር ሙከራ ይበልጣል፤ ሰው ያለዚህ ሞለኪዩል መኖር ይችላል፤ የሚያጣው ከትሪፓኖሶም የሚከላከለውን ጦር ነው።

ቬርቴክስ የተባለው የቦስተን መድኃኒት ኩባንያ ኢናክሳፕሊን የተሰኘ፣ በአፍ የሚወሰድ፣ ቀዳዳውን የሚዘጋ መድኃኒት ሠራ። የመጀመሪያው የሕሙማን ሙከራ በመጋቢት 2023 ታተመ። ሁለት የተለወጠ ቅጂና የኩላሊት ማጣሪያ ጠባሳ ያላቸው 16 ሰዎች ለ13 ሳምንት ወሰዱት፤ መድኃኒቱን በአግባቡ በወሰዱት 13 ሰዎች በሽንታቸው የሚፈስሰው ፕሮቲን በአማካይ በ47.6 በመቶ ቀነሰ። ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ያለ መድኃኒት የተቀመጠ ማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረም። ኩላሊቱ ከእጥበት መዳኑን ይህ ሙከራ አላሳየም። በ2022 የተጀመረው ትልቁ ሙከራ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። እኔ ግን የሚፈስስ ፕሮቲን በግማሽ ሲቀንስ ማየት ቀላል ነገር አይመስለኝም፤ ለዚህ በሽታ በስሙ ተለይቶ የተሠራ መድኃኒት ከዚያ በፊት አልነበረም።

ሞለኪዩሉ የመድኃኒት ዒላማ ብቻ አይደለም፤ ጠቋሚም ነው። በአንድ የደም ወይም የምራቅ ናሙና ሰውየው ስንት የተለወጠ ቅጂ እንዳለው ይታወቃል። ሁለት ቅጂ መያዝ ግን ፍርድ አይደለም፤ ከያዙት አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን በሙሉ ኩላሊታቸው ሳይደክም ይኖራሉ። ጠቋሚው የሚለው «ይህን ሰው ቀረብ ብላችሁ ተከታተሉ» ነው። ኩላሊት ሊለግስ ለተዘጋጀ ሰውም ትልቅ ነገር ነው፤ ከሁለት ኩላሊቱ አንዱን ሊሰጥ ነውና።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሞለኪዩሉ ቆዳን ከምስክርነት አወረደው። እስከ 2021 ድረስ በአሜሪካ የሐኪም ቤት ላቦራቶሪዎች የኩላሊትን አቅም ሲያሰሉ ታካሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.16 ያህል የሚያበዛ ቀመር ይጠቀሙ ነበር። ዋሽንግተን ያለ የጎንደር ሰውም፣ ሚኒያፖሊስ ያለ የሐረር ሰውም፣ ሌጎስ የተወለደ ዮሩባም በአንድ ቁጥር ይባዛሉ። ኩላሊታቸው ከእውነቱ የተሻለ መስሎ ይታያል፤ ወደ ስፔሻሊስት መላክም፣ ወደ ንቅለ ተከላ ወረፋ መግባትም ይዘገያል። ቀመሩ በ2021 ተሻረ። ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ የዘገየ ውሳኔም ነው። ዮሩባውና ኢትዮጵያዊው በቆዳ ቢመሳሰሉ እንኳ በዚህ ዘረመል ረገድ እጅግ የራቁ መሆናቸው ከ2010 ጀምሮ በማስረጃ ተጽፎ ነበርና።

ይህን ያነበበ የአገሬ ሰው ግን «እኛ ኩላሊታችን ደህና ነው» ብሎ እንዳይዘናጋ እለምናለሁ። የተመረመሩት አራት ሕዝቦች ናቸው፤ ኢትዮጵያ ከ80 በላይ ብሔረሰቦች አሏት፤ በምዕራብ ቆላ ያሉት ወገኖቻችን የዘር ታሪክም የተለየ ነው። ጂ 1 እና ጂ 2 የሌለበት ሰውም ቢሆን ከስኳር በሽታና ከደም ግፊት የሚያድነው ሞለኪዩል የለም፤ በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም ብዙ ወገኖቻችንን እጥበት ላይ ያስቀመጡት እነሱ ናቸው። ውጭ አገር ያላችሁ፣ ሐኪም ስለ ዘራችሁ ሲጠይቃችሁ «ጥቁር» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጋችሁ ብቻ አትለፉ፤ አያቶቻችሁ የተወለዱበትን አገር በስሙ ንገሩት። አገር ቤት ያላችሁም ከአርባ ዓመት ካለፋችሁ፣ ወይም ስኳርና ግፊት ካለባችሁ፣ በሚቀጥለው የጤና ጣቢያ ጉዟችሁ የሽንት ፕሮቲን እንዲታይላችሁ ጠይቁ። ምርመራው ጥቂት ሽንትና አንዲት ቀጭን ወረቀት ብቻ ይፈልጋል።